ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያሰላ ሺት ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

የካቲት አጋማሽ፦ የሚሠራው ነገር

የምፈልገው ሺት (የኮምፒውተር ማስያ ሠንጠረዥ) ቀላል ነው። የሁለት ኤርፖርቶችን ስም ስሰጠው ርቀቱን፣ የበረራውን ርዝመትና የሚደረስበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይነግረኛል። መጀመሪያ የምሞክርበት መስመር ከቦሌ እስከ ደለስ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እስካለው የዋሽንግተን ኤርፖርት፣ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሐበሾች ዓመቱን ሙሉ ሰው የምንቀበለውም የምንሸኘውም በዚሁ መስመር ነው።

ኢንተርኔት ላይ መልስ አይጠፋም፤ ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። አንዱ ገጽ ከ13 ሰዓት በታች ይላል፣ ሌላው ከ14 በላይ። ትኬት ላይ ደግሞ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲሆን 16 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይደርሳል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ከሦስት ሰዓት በላይ ልዩነት የሚመጣው ከየት ነው? ሺቱ ይህን ቁጥር በቁጥር ካላሳየኝ ሥራው አልተሠራም።

ዕቃዎች፦ ጉግል ሺትስና ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ፣ ሁለቱም ነፃ። የኤርፖርቶቹን ቦታ የምወስደው አወርኤርፖርትስ ከሚባለው ለሁሉም ክፍት ከሆነ ዝርዝር ነው፤ እሱም ነፃ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሉል በ8 ዶላር ገዛሁ። የስፌት ክር ቤት ውስጥ አለ።

መነሻ ቁጥሮች፦ ቦሌ 8.978 ሰሜን፣ 38.799 ምሥራቅ። ደለስ 38.944 ሰሜን፣ 77.456 ምዕራብ። የምዕራብ ኬንትሮስ ሺቱ ውስጥ የሚገባው በመቀነስ ምልክት ነው። ምልክቱ ከተረሳ ደለስ ምዕራብ ቻይና ውስጥ፣ ያርካንድ አጠገብ ይገኛል፤ ርቀቱም 5,085 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህን ሆን ብዬ አስገብቼ አየሁት። ሺቱ ምንም የስህተት ምልክት አያሳይም፣ ቁጥሩን ዝም ብሎ ይሰጣል። ስለዚህ ከሴሉ (ቁጥሩ ከሚገባበት የሠንጠረዡ ሳጥን) አጠገብ የአገሩን ስም የሚያሳይ ሌላ ሴል ጨመርኩ።

የካቲት፣ ቀጣይ፦ ርቀቱ

መጀመሪያ የሞከርኩት የትምህርት ቤቱን የፓይታጎረስ ቀመር ነው። በኬክሮስ 29.97 ዲግሪ ልዩነት፣ በኬንትሮስ 116.26። አንድ ዲግሪ በመሬት ላይ 111.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውጤቱ 13,349 ኪሎ ሜትር ሆነ። ይህ በጣም በዝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታው ሲሄዱ ይቀራረባሉ፣ ቀመሩ ግን በሁሉም ቦታ እኩል ይራራቃሉ ብሎ ያስባል።

ቀጥሎ የኬንትሮሱን ልዩነት በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን አባዛሁት። 12,273 ሆነ። ቀረብ አለ፤ ግን አሁንም ትርፍ አለው።

የሚገርመው፣ ይኸው የጠፍጣፋ ካርታ ቀመር ለአጭር መንገድ ብዙም አይከፋም። ቦሌ–ዱባይን ስሞክርበት 2,582 ኪሎ ሜትር ሰጠኝ፤ ትክክለኛው 2,519 ነው። ልዩነቱ 63 ኪሎ ሜትር ብቻ። አንድ ሰው ቀመሩን በዱባይ ፈትኖ "ይሠራል" ቢል አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ለውጥ በአንድ አጭርና በአንድ ረጅም መስመር እየፈተንኩ ነው የቀጠልኩት።

ሦስተኛው ሃቨርሳይን ነው። መርከበኞች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት የሉል ቀመር ነው። የኬክሮሱንና የኬንትሮሱን ልዩነት ለሁለት ከፍሎ ሳይኑን ይወስድና በራሱ ያባዛል፣ በሁለቱ ቦታዎች ኬክሮስ ኮሳይን ያመዛዝናል፣ በመጨረሻ ወደ ማዕዘን መልሶ በመሬት ሬዲየስ ያባዛል። ጉግል ሺትስ ሳይንና ኮሳይንን የሚያሰላው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ስለሆነ ዲግሪው አስቀድሞ መቀየር አለበት። ራዲያንስ የሚባለውን ፈንክሽን ለየብቻው በአራት ሴል አስቀመጥኩት። በአንድ ረጅም ቀመር ውስጥ ከታጨቀ ችግር ሲመጣ የት እንደተበላሸ አይታይም።

ውጤት፦ 11,563 ኪሎ ሜትር። በማይል 7,185፣ በባሕር ማይል 6,244 ገደማ።

በሬዲየሱ ላይ ትንሽ ቆየሁ። አማካዩን 6,371 ሳስገባ 11,563 ይሆናል። በምድር ወገብ ያለውን 6,378 ሳስገባ 11,576 ይሆናል። መሬት ፍጹም ክብ አይደለችም፣ ወደ ዋልታዎቿ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ናት፤ የተሻለ ቀመርም አለ። ግን 13 ኪሎ ሜትር በአውሮፕላን ፍጥነት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። 6,371ን ይዤ አለፍኩ።

የሉሉ ፈተና

ቀመሩን በሌላ ቀመር ብቻ ማረጋገጥ ልቤን አላሳረፈውም። ሉሉ ላይ ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጥሬ ያዝኩት። 27 ሴንቲሜትር ከትንሽ። በዚህ ሉል አንድ ሴንቲሜትር 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 27.2 ሴንቲሜትር 11,560 አካባቢ ይሆናል። ገጠመ።

ክሩ የሄደበት መንገድ ግን ከቁጥሩ የበለጠ አስተማሪ ነበር። ዋሽንግተን በካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ትመስላለች። ክሩ ግን ሲነሣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ ስሌቱ የሰጠኝ አቅጣጫ 314 ዲግሪ ነው። ሱዳንን ይሰነጥቃል፣ ሊቢያን አቋርጦ የቱኒዚያን ደቡብ ጫፍ ይነካል፣ በአልጄሪያ ይወጣል፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ያልፋል። ከዚያ አትላንቲክ ላይ እስከ 44.8 ዲግሪ ሰሜን ይወጣና ወደ ናንታኬት ደሴት ይወርዳል። ከሁለቱም ከተሞች ይልቅ ወደ ሰሜን ይወጣል ማለት ነው።

ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ አቁሞ መሄድ ቢቻልስ? ያንንም አሰላሁት፤ 12,091 ኪሎ ሜትር። ከክሩ መንገድ 528 ይበልጣል።

የካቲት መጨረሻ፦ ክሩ የማይሄድበት ሰማይ

ክሩ ያለፈባቸውን አገሮች ስጽፍ ሥራው እንዳላለቀ ገባኝ። ሱዳን ላይ ጦርነቱ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ነው፤ ወዲያው የአየር ክልሉ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። የሊቢያ ሰማይ ደግሞ የአሜሪካና የአውሮፓ የአቪዬሽን ባለሥልጣናት ለዓመታት እገዳና ማስጠንቀቂያ ያወጡበት ነው። አጭሩ መንገድ በሁለቱም መሀል ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ለሺቱ መታጠፊያ ነጥቦች ጨመርኩለት። እያንዳንዱን ክፍል በሃቨርሳይን ያሰላል፣ ከዚያ ይደምራል።

ቦሌ–ካይሮ 2,474፣ ካይሮ–ደለስ 9,382፤ ድምር 11,856።

ግን ከቦሌ ካይሮ የሚሄደው ቀጥታ መስመርም ሱዳንን ይነካል። ስለዚህ በጅዳ በኩል አዞርኩት። ቦሌ–ጅዳ 1,413፣ ጅዳ–ካይሮ 1,217፣ ካይሮ–ደለስ 9,382። ድምር 12,012 ሆነ። ከአጭሩ መንገድ 449 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በሰዓት ግማሽ ሰዓት ነው።

እነዚህ መታጠፊያዎች የእኔ ግምት ናቸው። የአየር መንገዶች ዕቅድ በየቀኑ ይለያያል፤ በነፋስ፣ በአገሮች ፈቃድና በማቋረጫ ክፍያም ይወሰናል። ሺቱ ላይ "ግምታዊ" የሚል ቃል በቀይ ጽፌበታለሁ።

ግማሽ ሰዓቱ ለተሳፋሪ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ይህ ሴል ከሁሉም ይከብደኛል። ከታች ሰው እየሞተና እየተሰደደ ስለሆነ ነው አውሮፕላኑ የሚዞረው። ይህን ሴል ባዶ ማድረግ የምችልበት ቀን ቢመጣ ደስታዬ ነው።

መጋቢት መጀመሪያ፦ ፍጥነትና ያልገጠመው ሰዓት

አሁን ርቀቱን ለፍጥነት ማካፈል ነው። ድሪምላይነር 787ም ኤርባስ ኤ350ም የሚጓዙት በድምፅ ፍጥነት 0.85 ገደማ ነው። ከፍ ባለው ብርድ ሰማይ የድምፅ ፍጥነት በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ አውሮፕላኑ 903 ይሄዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787ን የተረከበው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 ነው፣ ኤ350ን ደግሞ 2016። ሁለቱንም ከአፍሪካ ቀድሞ። በፍጥነት ብዙ ስለማይለያዩ ለየብቻ ሴል አልሠራሁላቸውም።

አጭሩ መንገድ 11,563 ለ903 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። ለመውጣት፣ ለመውረድና መሬት ላይ ለመሄድ 30 ደቂቃ ስጨምር 13 ሰዓት ከ18። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ማስያዎች የሚሰጡት በዚሁ አካባቢ ነው። ሁሉም ርቀቱን በአንድ ፍጥነት ያካፍላሉ፤ የሚለያዩት በመረጡት ፍጥነትና በጨመሩት ደቂቃ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ትኬት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ይርቃል። እዚህ ላይ ጥቂት ቀን ተቀርቅሬ ቆየሁ። መጀመሪያ ነፋሱን ብቻ ጠረጠርኩ። ነፋስ ብቻውን ይህን ሁሉ ሰዓት እንዲያመጣ በአማካይ በጣም ኃይለኛ መሆን አለበት፤ ቁጥሩ አልገባኝም።

የአውሮፕላን ቴክኒሽያን የሆነ ጓደኛዬን ደወልኩለት። "አንተ ሰውዬ፣ ርቀቱን ተወውና ቦሌ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ጠይቅ" አለኝ።

መጋቢት፦ የቦሌ ከፍታ

ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ክፍል ነው፤ ደስ ያለኝም እዚሁ ላይ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። ደለስ 95 ሜትር ላይ። አየሩ ቦሌ ላይ ስስ ነው። በሺቱ አሰላሁት፦ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን የቦሌ አየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር 74 በመቶ ገደማ ነው። በዚያው ሙቀት ደለስ 97 በመቶ ነው። ሩቡ አየር የለም እንደማለት ነው።

ይህ አውሮፕላኑን በሁለት በኩል ይይዘዋል። አንደኛ፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መሮጥ አለበት። የማንሣት ኃይል በአየሩ እፍጋትና በፍጥነቱ ካሬ ስለሚወሰን 74 በመቶ አየር ውስጥ 16 በመቶ ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ስላነሰ የሚገፋበት ኃይል ያንሳል። የበለጠ መሮጥ አለብህ፣ የሚገፋህ ግን ቀንሷል። መንደርደሪያው ደግሞ የተወሰነ ነው፤ የቦሌው ረጅሙ 3,800 ሜትር ገደማ ነው። ጎማዎቹም የፍጥነት ገደብ አላቸው።

የቀረው መፍትሔ ክብደት መቀነስ ነው። ከምን ይቀነሳል? ከሰው፣ ከጭነት ወይም ከነዳጅ። 12,000 ኪሎ ሜትር ለመብረር የሚያስፈልገው ነዳጅ በአሥር ቶኖች የሚቆጠር ነው። ሰውና ጭነት ገቢ ነው። ነዳጅ ግን መንገድ ላይ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚነሣው በረራ በተለያዩ ዓመታት እንደ ሮምና ደብሊን ባሉ ከተሞች ለነዳጅ ሲያርፍ ኖሯል። ከደለስ የሚነሣው ግን ታንኩን ሞልቶ፣ ወፍራም አየር ላይ ተንደርድሮ፣ በቀጥታ ቦሌ ይገባል።

ጓደኛዬ የነገረኝ ሌላ ነገር አለ። ረጅም በረራዎች ከቦሌ ማታ መነሣታቸው ለትራንዚት ግንኙነት ሲባል ነው ብለን እናስባለን፤ እውነትም ነው። ግን ማታ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ለመነሣትም ይረዳል። በሺቱ ሙቀቱን ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ሳወርደው እፍጋቱ ከ74 ወደ 77 በመቶ ገደማ ወጣ።

እግረ መንገዴን ቢሾፍቱንም አስገባሁ። አዲሱ ትልቅ ኤርፖርት የሚሠራው በዚያ አቅራቢያ ነው። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ፣ እፍጋቱ 78 በመቶ ይሆናል። ከቦሌ አራት ነጥብ ይሻላል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየበረራው ተጨማሪ ቶን ነዳጅ ወይም ጭነት ነው። ስለ ኤርፖርቱ ሲወራ የምንሰማው ስፋቱንና ገንዘቡን ነው። ከፍታው ከዚያ እኩል ሊወራለት የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል።

ከዚያ ማረፊያዎቹን ወደ ሺቱ መለስኩ። ቦሌ–ሮም–ደለስ በቀጥታ መስመሮች 11,713 ነው፤ ከአጭሩ መንገድ 150 ብቻ ይበልጣል። ቦሌ–ደብሊን–ደለስ 11,829፤ በ266 ይበልጣል። ደብሊን በካርታ ላይ ሩቅ መዞሪያ ትመስላለች። ሉሉ ላይ ግን መንገዱን ብዙም አታስረዝመውም። በጅዳና በካይሮ ዞሮ ደብሊን ሲያርፍ 12,075 ይሆናል።

ሰዓቱን የሚበላው ርቀቱ አይደለም ማለት ነው። መውረድ፣ ማረፍ፣ ነዳጅ መሙላት፣ እንደገና መነሣትና መውጣት ነው። ለአንድ ማረፊያ አንድ ሰዓት ከሩብ መሬት ላይ፣ ሌላ 30 ደቂቃ ደግሞ ለመውረድና ለመውጣት አስገባሁ።

መጋቢት፣ ቀጣይ፦ ነፋስ

ከፍ ባለው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ አለ። በክረምት፣ የእኛ ሳይሆን የአሜሪካው ክረምት፣ ይበረታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 ከዚሁ ከደለስ ወደ ለንደን ይበር የነበረ የቨርጂን አትላንቲክ 787 በመሬት ሲለካ በሰዓት 802 ማይል ደርሶ ነበር፤ 1,291 ኪሎ ሜትር ገደማ። አውሮፕላኑ ከአቅሙ በላይ አልሮጠም። የያዘው አየር ራሱ ይሮጥ ነበር።

የቦሌ መስመር ግን ሁሉ ጊዜ በዚህ ነፋስ ውስጥ አይደለም። ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ሜዲትራንያን ያለው ክፍል ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ነፋሱ ከጎን ነው የሚመታው። ዋናው ተጽዕኖ አውሮፓና አትላንቲክ ላይ ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው መንገድ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አስገባሁ። ወደ ምሥራቅ 953፣ ወደ ምዕራብ 853።

"ሲመለስ ይካካሳል" ብለው የሚያስቡ አሉ። አይካካስም። 12,000 ኪሎ ሜትርን ደርሶ መልስ በ900 ሲበሩት 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በአንድ በኩል 960፣ በሌላው 840 ሲሆን 26 ሰዓት ከ47 ይሆናል። ፍጥነቱ የተቀነሰበት ጉዞ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ ኪሳራው ሁልጊዜ ይበልጣል።

አሁን ሺቱ እንዲህ ይላል። ደለስ–ቦሌ፣ 12,012 ኪሎ ሜትር በ953፦ ከ30 ደቂቃው ጋር 13 ሰዓት ከ6። ቦሌ–ደለስ ያለ ማረፊያ ቢሆን በ853፦ 14 ሰዓት ከ35። በደብሊን በኩል ከማረፊያው ጋር፦ 16 ሰዓት ከ24። ከትኬቱ ጋር ተገናኘ። ቀዳሚውን የሦስት ሰዓት ልዩነት ሲከፍሉት አንድ ሰዓት ተኩሉ የነፋስ ነው፤ የተቀረው የቦሌ ከፍታ ነው።

መጋቢት፦ የሰዓት አቆጣጠር

ይህን ክፍል ቀላል መስሎኝ ወደ መጨረሻ አስቀምጬው ነበር። ረጅም ሆነ።

መነሻን ከመድረሻ መቀነስ ብቻ አይሠራም። ከደለስ ጠዋት 5 ሰዓት ተነሥቶ ቦሌ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት የሚደርስ በረራ በግድግዳ ሰዓት 20 ሰዓት ይመስላል፤ በእውነት 13 ነው። ሰባቱ በአሜሪካው በጋ በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው የሰዓት ልዩነት ነው። መፍትሔው ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት መቀየር፣ እዚያ ማስላት፣ በመጨረሻ ወደየአገሩ መመለስ ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ግን ትቀያየራለች፤ በአሜሪካው ክረምት በአምስት፣ በበጋው በአራት ትዘገያለች። ለውጡ በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ማስታወሻውን እየጻፍኩ የማርቹ ለውጥ ደረሰና ሺቱ በአንድ ሰዓት ተዛነፈ። ቋሚ ቁጥሩን አውጥቼ በቀኑ የሚወሰን አደረግኩት።

ወደ እኛ ሰዓት መቀየር ቀላል ነው፦ 6 ጨምር፣ ከ12 እስኪያንስ ድረስ 12 ቀንስ፣ ዜሮ ከሆነ 12 በል። 22:15 ማለት ከምሽቱ 4:15 ነው።

ከባዱ ቀኑ ነው። አክስቴ በአውሮፓ በኩል በትራንዚት ሊመጡ ነበር። በስልክ "ማክሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ነው የምነሣው ልጄ" አሉኝ። ትኬቱ ረቡዕ 00:30 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በእኛ አነጋገር ሌሊቱ የሚቆጠረው ከዋለው ቀን ጋር ነው፣ ትኬቱ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቀኑን ቀይሯል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ትኬቱን አይቶ "ረቡዕ ሌሊት" ብሎ ሲተረጉም ነው፤ ያኔ ሰውየው ኤርፖርት የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ሺቱ አሁን ከ00:00 እስከ 05:59 ላለ በረራ ሁለት ስም ያወጣል፦ "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 6:30"። ከጠቅላላው ሥራ ለቤተሰቤ ከሁሉ የጠቀመው ይህ አንድ ሴል ነው።

መጋቢት መጨረሻ፦ አንቴናው

30 ደቂቃው ግምት ስለነበረ በራሴ ልለካው ፈለግኩ። አውሮፕላኖች ቦታቸውን በ1,090 ሜጋኸርዝ ያሰራጫሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ በአብዛኛው ቁጥጥር ባለበት የአየር ክልል ግዴታ ነው። ምልክቱን ለመቀበል ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሬዲዮ ይበቃል። ከነአንቴናው ወደ 40 ዶላር ወጣብኝ። ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ቀድሞ ነበረኝ፣ የሚያነበው ደምፕ-1090 የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው።

መጀመሪያ አንቴናውን መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። የሚታየኝ ቅርብ ያሉት ብቻ ነበሩ፤ የመስኮቱ መስታወት ሙቀት የሚከለክል የብረት ሽፋን ያለው ስለሆነ ምልክቱን ይቀንሳል። ወደ ጣሪያ ሥር ሳወጣው ወዲያው ሰፋ። ከአንቴናው ጋር የመጣው ረጅም ኬብል ግን ምልክቱን ይበላል፤ ሬዲዮውን ራሱን አንቴናው አጠገብ ሰክቼ ረጅም የዩኤስቢ ኬብል ብጠቀም ተሻለ። 11,000 ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን ቢበዛ ከ430 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሰማ ይችላል። ከዚያ በላይ የመሬት ክብነት ይሸፍነዋል።

ያየሁት ይህ ነው። ደለስ ሦስት ወደ ሰሜንና ደቡብ የሚያመሩ ትይዩ መንደርደሪያዎች አሉት፣ አንድ ደግሞ በሰያፍ። አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ከሆነ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው በረራ በአጭሩ ገብቶ ያርፋል። ከሰሜን ከሆነ ኤርፖርቱን አልፎ ወደ ደቡብ ይወርድና ዞሮ ይመለሳል። በአንዱና በሌላው መሀል የሚታይ የደቂቃዎች ልዩነት አለ። ስለዚህ 30 ደቂቃውን ከ25 እስከ 40 ባለ ክልል ተካሁት፤ ሺቱም አንድ ሰዓት ሳይሆን ዝቅተኛና ከፍተኛ ያወጣል።

አንቴናው የማያሳየኝም አለ። ካረፈ በኋላ ምልክቱ በቤቶችና በዛፎች ስለሚሸፈን እስከ በሩ ድረስ ያለውን አላይም። ከዚያም ኢሚግሬሽንና ሻንጣ አለ። ይህ የበረራ ሰዓት ውስጥ አይገባም፣ ለሚቀበል ሰው ግን ይገባል። ለተቀባይ የተለየ ሴል ሠራሁ፤ በሩ ላይ ከደረሰበት ሰዓት አንድ ሰዓት ይጨምራል። ዊልቸር የጠየቁ እናቶችና አባቶች ካሉ ይህን ሰፋ ማድረግ ይሻላል።

ሚያዝያ፦ አሁን ያለበት

ወጪው እስካሁን ሉሉና ሬዲዮው ነው፤ ከ50 ዶላር አልበለጠም። ሺቱ ቦሌ–ደለስን በሁለቱም አቅጣጫ፣ ቦሌ–ዱባይን፣ ቦሌ–ቴል አቪቭን (2,593 ኪሎ ሜትር) ያሰላል።

የሚቀረው ነፋሱ ነው። 50 ኪሎ ሜትር የሚለው ቋሚ ቁጥር ጥሩ አይደለም፤ በጃንዋሪና በጁላይ አንድ ሊሆን አይችልም። የአሜሪካ የአየር ትንበያ ድርጅት የሚያወጣው ጂኤፍኤስ የሚባል ዓለም አቀፍ ትንበያ በቀን አራት ጊዜ ይታደሳል፣ ለማንም ነፃ ነው። ፓይተን ያንን ፋይል እየከፈተ በየመታጠፊያው በ11,000 ሜትር ያለውን ነፋስ እንዲወስድ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ሙሉውን ማውረድ ራስቤሪ ፓይዋን ያስጨንቃታል። የነፋሱን ክፍል ብቻ፣ የዚህን መስመር አካባቢ ብቻ ቆርጦ ማውረድ ይቻላል። በዚህ ሳምንት የምሞክረው እሱን ነው።